በተን ሲነካ ኮዱ የት ይጻፍ? ስለ ክሊክ አያያዝ ለቀረበ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመውና ልጀምር። አንድሮይድ በጃቫ እየተማርሽ ነው፣ አንዱ ትምህርት "ኤክስኤምኤሉ (የስክሪኑ አቀማመጥ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ኦንክሊክ ብለሽ የሜተዱን ስም ጻፊ" ይልሻል፣ ሌላው "ሴት ኦንክሊክ ሊስነር ተጠቀሚ" ይላል (ሊስነር ማለት በተኑ ሲነካ የሚጠራው ኮድ ነው)፣ ሦስተኛው ደግሞ አክቲቪቲው (የአንድ ሙሉ ስክሪን ክላስ) ራሱ ኦንክሊክ ሊስነርን ኢምፕሊመንት ያርግ፣ ማለት ራሱ ሊስነር ይሁን ብሎ ሁሉንም በተን አንድ ሜተድ ውስጥ ይከምረዋል። የቱ ነው ትክክሉ ብለሽ ጠየቅሽ፣ ከዛ ደግሞ አክቲቪቲ ላይ እያለ በደንብ ይሰራ የነበረው በተን ወደ ፍራግመንት (አክቲቪቲ ውስጥ የሚቀመጥ የስክሪን ክፍል) ስታዛውሪው ልክ ሲነካ አፑ ክራሽ እያረገ አስቸገረሽ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው፣ አንዱ ሲገባሽ ሌላውም ይፈታል፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝና ከስሩ ልምጣ።

ሦስቱም ይሰራሉ፣ መጨረሻቸውም አንድ ቦታ ነው። እያንዳንዱ ቪው (በተንን ጨምሮ ስክሪን ላይ ያለ ነገር ሁሉ) ውስጥ ለክሊክ ሊስነር የሚሆን ቦታ አለ፣ አንድ ብቻ። ኤክስኤምኤል ላይ ብትጽፊውም፣ በላምዳ (ስም በሌለው አጭር ፈንክሽን) ብትሰጪውም፣ ራሱን በቻለ ክላስ ብትሰጪውም የሚቀመጠው እዛችው ቦታ ላይ ነው። ለዛ ነው ለአንድ በተን ሁለት ጊዜ ሊስነር ብትሰጪ ሁለቱ አብረው የማይሰሩት፣ የኋለኛው የፊተኛውን አጥፍቶ ይተካዋል። "ኤክስኤምኤል ላይ የጻፍኩት ሜተድ አይጠራልኝም" ብለው ግማሽ ቀን ሲፈልጉ የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ምክንያቱ ግን እዛው ኮዱ ውስጥ ከታች ሌላ ሊስነር ስለሰጡት ነበር። እንግዲህ የሦስቱ ልዩነት የሚታየው ስትሳሳቺ ነው፦ ስህተቱን ቀድሞ የሚያየው ማነው፣ ኮምፓይለሩ (ኮድሽን ወደ አፕ የሚቀይረው) ነው ወይስ አፑን የሚጠቀመው ሰውዬ? እኔ መንገድ ስመርጥ የማየው ይሄንን ነው፣ ኮዱ በሁለት መስመር አጠረ ረዘመ የሚለው ከዛ በኋላ ይመጣል።

ወደ መንገዶቹ ሳንገባ ጣት ስክሪን ሲነካ ምን እንደሚሆን ትንሽ ልበል፣ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል ግን ኋላ ላይ ብዙ ችግር የሚፈታው እሱ ነው። ክሊክ የሚፈጠረው ጣትሽ ሲያርፍ አይደለም፣ ስትለቂ ነው። ሲያርፍ አክሽን ዳውን የሚባል ኢቨንት ይመጣና በተኑ የመጫን መልክ ይይዛል፣ ስታነሺ አክሽን አፕ ይመጣል፣ ያኔ ቪው ፐርፎርም ክሊክ የሚባለውን ሜተዱን ወረፋ ውስጥ ያስገባና ተራው ሲደርስ ያንቺን ሊስነር ይጠራል። ስልክሽን አንሺና ሞክሪው፦ የሆነ በተን ተጫኚና ሳትለቂ ጣትሽን እያንሸራተትሽ ከበተኑ ራቅ አርገሽ አንሺው፣ ምንም አይፈጠርም፣ ሲስተሙ ሃሳብሽን ቀየርሽ ብሎ ሰርዞታል። በተኑ ስክሮል የሚሆን ዝርዝር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሰው ሊጫን ነው ወይስ ዝርዝሩን ሊጎትት ነው ብሎ ለአፍታ ይጠብቃል። ይሄን ሁሉ ሥራ ያለ አንድ መስመር ኮድ በነጻ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ክራሹ። ኤክስኤምኤል ላይ ኦንክሊክ የመጻፍ ነገር አንድሮይድ 1.6 ላይ፣ 2009 ላይ ማለት ነው፣ የመጣ መንገድ ነው፣ ለጀማሪ ይጥማል፣ አንድ መስመር ነው አለቀ። ግን ውስጡ ምን እንዳለ ተመልከቺ። አንቺ እዛ የጻፍሽው "ላክ" የሚል የሜተድ ስም ተራ ጽሁፍ ነው፣ ኮምፓይለሩ ከጃቫ ኮድሽ ጋር አያገናኘውም። በተኑ መጀመሪያ ጊዜ ሲነካ ነው ሲስተሙ ሪፍሌክሽን በሚባለው ዘዴ ይሄ ስም ያለው ሜተድ አለ ወይ ብሎ መፈለግ የሚጀምረው፣ ያውም ፐብሊክ የሆነ፣ ምንም የማይመልስ፣ አንድ ቪው ብቻ የሚቀበል ሜተድ። ቪው የምትለዋን ፓራሜትር ከረሳሻት አያገኘውም፣ አንድ ፊደል ከሳትሽም አያገኘውም። የት ነው የሚፈልገው? በተኑ ያለበት ኮንቴክስት ውስጥ፣ ይሄ ማለት ባብዛኛው አክቲቪቲው ነው። ፍራግመንት ደግሞ ኮንቴክስት አይደለም። ስለዚህ ሜተድሽን ወደ ፍራግመንቱ ይዘሽው ስትሄጂ ሲስተሙ የድሮው ቤት ሄዶ ያንኳኳል፣ እዛ ማንም የለም፣ ኢሊጋል ስቴት ኤክሴፕሽን ብሎ አፑን ይዘጋዋል። ሎግካትሽን (የአፑ መልዕክቶች የሚታዩበትን መስኮት) ከፍተሽ ቀዩን እዪው፣ ኩድ ኖት ፋይንድ ሜተድ ብሎ ያንቺን ሜተድ ስም ከጠራ በኋላ ኢን ኤ ፓረንት ኦር አንሴስተር ኮንቴክስት ይላል፣ ነገሩን በግልጽ እየነገረሽ ነው። አንዳንዱ ሰው ታዲያ ሜተዱን አክቲቪቲው ላይ መልሶ ይጽፍና ከዛ ፍራግመንቱን ይጠራል፣ ይሰራል ግን እባክሽ እንዲህ አታርጊ፣ ፍራግመንቱ ሌላ አክቲቪቲ ላይ በተቀመጠ ቀን እንደገና ያው ነው። የአንድሮይድ ዶክመንቴሽን ራሱ ይሄን አትሪቢዩት ዲፕሪኬትድ (ከእንግዲህ አይመከርም) ብሎታል፣ አንደኛ ፍለጋው በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደግሞ አር8 የሚባለው ኮድ አሳናሽ ሥራውን በነጻነት እንዳይሰራ ስለሚያግደው፣ በምትኩም ሴት ኦንክሊክ ሊስነርን ተጠቀሙ ይላል። የድሮ ፕሮጀክት ላይ ካገኘሽው ዛሬውኑ ካልነቀልኩት አትበይ፣ አዲስ ኮድ ላይ ግን አትጻፊው።

ሴት ኦንክሊክ ሊስነር እኔ የማምንበት መንገድ ነው። በጃቫ ድሮ ስም የሌለው ክላስ ከፍተሽ ኦቨርራይድ ምናምን ብለሽ አምስት ስድስት መስመር ትጽፊ ነበር፣ ከጃቫ 8 ወዲህ ግን ላምዳ ስላለ አንድ መስመር ነው፣ ቪው ከዛ ቀስት ከዛ የምትጠሪው ሜተድ። ኮትሊን ላይ ደግሞ ጥምዝ ቅንፍ ከፍተሽ በቀጥታ መጻፍ ነው። ዋናው ጥቅሙ የሜተዱን ስም ብትሳሳቺ አፑ ጭራሽ አይገነባም፣ ኮምፓይለሩ ያስቆምሻል፣ ስህተቱ ከጠረጴዛሽ ሳይነሳ ይያዛል። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያስለቅሰው አንድ ነገር ኑል ፖይንተር (ባዶ ነገር ላይ ሜተድ ሲጠራ የሚመጣ ክራሽ) ነው፣ እሱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሁለት ምክንያት አንዱ ነው፦ ወይ ሴት ኮንተንት ቪው ሳይጠራ በፊት ፋይንድ ቪው ባይ አይዲ ጠርተሻል፣ ወይ ደግሞ አይዲው ያለው ሌላ ሌይአውት (ሌላ የስክሪን ኤክስኤምኤል) ውስጥ ነው፣ ለምሳሌ ዲያሎጉ ውስጥ ያለ በተን ሆኖ አንቺ አክቲቪቲው ላይ ትፈልጊዋለሽ። አይዲው ፕሮጀክቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ኮምፓይለሩ አይጮህም፣ የትኛው ሌይአውት ላይ እንዳለ ማወቅ አይችልማ። ይሄን ቀዳዳ የሚደፍነው ቪው ባይንዲንግ ነው፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ 3.6 ላይ በ2020 የመጣ፣ ለያንዳንዱ ሌይአውት አንድ ክላስ ያወጣልሽና በተኑን በስሙ ነጥብ ብለሽ ትጠሪዋለሽ፣ እዛ ሌይአውት ላይ ከሌለ ኮዱ ራሱ አይገነባልሽም። ከዚህ በፊት በተር ናይፍ የሚባል ላይብረሪ ነበር፣ የኮትሊን ሲንተቲክም ነበር፣ ሁለቱም ጊዜያቸው አልፏል፣ የድሮ ቪዲዮ ላይ ካየሽያቸው እለፊያቸው።

አክቲቪቲው ራሱ ኢምፕሊመንት ሲያረግ ደግሞ ሁሉም በተን ዲስ (አክቲቪቲው ራሱ ማለት ነው) ይሰጠውና አንዱ ኦንክሊክ ሜተድ ውስጥ የቱ እንደተነካ በጌት አይዲ እየለየሽ ትሄጃለሽ። እንደ ካልኩሌተር ላለ ነገር፣ ከ0 እስከ 9 ያሉት በተኖች ሁሉ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሰሩበት፣ ያምራል። ከዛ ውጪ ግን ሜተዱ እየረዘመ እየረዘመ ሄዶ ማንም የማይነካው ይሆናል፣ ደግሞ ለአንዱ በተን ዲስ መስጠት ከረሳሽ ኤረር የለም ክራሽ የለም፣ በቃ ሲነካ ዝም ይላል፣ ዝም ያለ ስህተት ደግሞ ለማግኘት ከሚጮኸው ይብሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፣ ከአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን (አፑን የሚገነባው መሣሪያ) 8.0 ጀምሮ የሪሶርስ አይዲዎች ፋይናል መሆናቸው ስለቀረ የጃቫ ስዊች ኬዝ ላይ ብትጽፊያቸው ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ሪኳየርድ ብሎ እምቢ ይላል። ትምህርቱ ላይ ይሰራል እኔ ጋ ለምን አይሰራም ብለሽ ራስሽን አትጠራጠሪ፣ ትምህርቱ ነው ያረጀው፣ በኢፍ ኤልስ ቀይሪውና ይሄዳል።

ዴታ ባይንዲንግ የሚባልም አለ፣ እሱ እንደገና ኤክስኤምኤል ላይ ያስጽፍሻል ግን የድሮው ዓይነት አይደለም፣ አገላለጹ አፑ ሲገነባ ስለሚመረመር የሌለ ሜተድ ከጠራሽ አይገነባልሽም። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ በቪውሞዴል (የስክሪኑን ሁኔታ የሚይዝ ክላስ) ተደራጅቶ የሚሰራ ቡድን ካለ ይሄዳል፣ ለብቻሽ ለምትማሪው ግን የሚያወጣው ኤረር ግራ ያጋባሻልና ለጊዜው ይቆይ።

ጄትፓክ ኮምፖዝ (ስክሪን ያለ ኤክስኤምኤል በኮትሊን ኮድ የሚጻፍበት) ከ2021 ጀምሮ 1.0 ሆኖ ወጥቷል፣ እዛ ሊስነር መስጠት የሚባል ነገር የለም፣ በተኑን ስትጽፊው ኦንክሊኩን አብረሽ ታቀብይዋለሽ፣ ፍለጋ የለም ኑል የለም። የሚያሳስተው ሞዲፋየር (የአንድን ነገር መጠንና ባህሪ የሚወስነው) ላይ ነው፦ ፓዲንግ መጀመሪያ ጽፈሽ ክሊከብልን ከኋላ ካረግሽ ዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ሲነካ አይሰማም፣ ክሊከብሉን ካስቀደምሽ ይሰማል፣ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። ሌሎቹ የአፕ መሥሪያዎችም ዘንድ ሃሳቡ ያው ነው። ፍላተር ላይ ኦን ፕረስድ ኑል ከሆነ በተኑ ራሱ ይጠፋፋል፣ ማለት ዲሴብል ይሆናል፣ ደስ የሚል አሰራር ነው። ሪአክት ኔቲቭ ላይ ኦንፕረስ ውስጥ የፈንክሽኑን ስም ከነቅንፉ ከጻፍሽ ሲነካ ሳይሆን ስክሪኑ ገና ሲሳል ይሮጣል፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ይወድቃል። አይፎን ላይ ደግሞ በስቶሪቦርድ (ስክሪኑ በሚሳልበት ፋይል) የተያያዘ አይቢአክሽን (ሲነካ የሚጠራ ሜተድ) ስሙን ቀይረሽ ማያያዣውን ካላስተካከልሽ ልክ ሲነካ አንሪኮግናይዝድ ሴሌክተር ብሎ ይዘጋል፣ አየሽ፣ ያንቺው የኤክስኤምኤል በሽታ ነው በሌላ ስም፣ ስምን በጽሁፍ ያያያዘ ሁሉ እዚህ ይደርሳል።

ዝርዝር ላይ ያለ በተን፣ ሪሳይክለርቪው ማለቴ ነው፣ ለብቻው ይነሳ። ሊስነሩን ኦን ባይንድ ቪውሆልደር (አንድ መስመር ዳታ ሲሞላበት የሚጠራው ሜተድ) ውስጥ ሰጥተሽ ፖዚሽኑን እዛው ከያዝሽው፣ ከላይ አንድ መስመር ሲጠፋ ቁጥሮቹ ይዛባሉና ሦስተኛውን አጥፊ ብሎ የነካው ሰው አራተኛው ይጠፋበታል። ሊስነሩን ሆልደሩ (የአንድ መስመር መያዣው) ሲፈጠር አንዴ ስጪው፣ ፖዚሽኑን ደግሞ ልክ ሲነካ ጌት ባይንዲንግ አዳፕተር ፖዚሽን ብለሽ ጠይቂው፣ መልሱ ኖ ፖዚሽን ከሆነ፣ ኔጌቲቭ 1 ማለት ነው፣ ምንም ሳታረጊ ተመለሺ፣ ያ መስመር እየጠፋ ሳለ ነው የተነካው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ክሊኩ ኮድሽ ጋ እንዲደርስ ነው። ከደረሰ በኋላ ያለው ግን የበለጠ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም እዛ ላይ የሰው ገንዘብና የሰው ሥራ አለ። አንድ የማዘዣ አፕ ላይ ስሰራ "ትዕዛዝ ላክ" የምትል በተን ነበረችኝ፣ ሊስነሯ በጣም ንጹህ ኮድ ነበር፣ እኔ ስሞክረው ሁልጊዜ ይሰራል። ከዛ ደንበኞች ትዕዛዛችን ሁለት ጊዜ መጣ ማለት ጀመሩ። ሰርቨሩ ሎግ ላይ ስገባ ያው ሰው፣ ያው ዕቃ፣ ያው አድራሻ፣ ሁለት ሪኩዌስት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተከታትሎ ገብቷል። ሰዎቹ ያሉበት ኔትወርክ ቀርፋፋ ነው፣ ሲነኩት ምንም የተለወጠ ነገር አላዩም፣ አልሰራም ብለው ደገሙት፣ ጥፋታቸው አይደለም። እኔ ደግሞ የምሞክረው ፈጣን ኔትወርክ ላይ ስለነበር አንድም ቀን አልታየኝም። መጀመሪያ ያረግኩት ሲነካ በተኑን ሴት ኢኔብልድ ፎልስ ማረግ ነበር፣ ተሻለ ግን አልጠፋም፣ ለካ ሰውዬው ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞረው አክቲቪቲው እንደ አዲስ ይፈጠራል፣ በተኑም እንደ አዲስ ይበራል፣ ዲሴብል መሆኑን ማንም አያስታውስለትም። ስለዚህ "እየተላከ ነው" የሚለው ሁኔታ በተኑ ላይ ሳይሆን ቪውሞዴል ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት፣ እሱ ስልኩ ቢዞርም ይቆያል፣ በተኑ እሱን እያየ ይጥፋ ይብራ። ከዛም አልፎ ትዕዛዙ አፑ ላይ ሲዘጋጅ አንድ ልዩ መለያ ቁጥር ስጪውና ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ሁለተኛ ካየ አዲስ ትዕዛዝ እንዳይፈጥር አርጊ፣ ሪኩዌስቱ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋና ሰውዬው ደግሞ ቢሞክር እንኳን የሚያድንሽ ይሄ ብቻ ነው።

ሰዎች ድግግሞሹን በሰዓት ይከላከሉታል፣ የመጨረሻው ክሊክ መቼ ነበር ብለው ግማሽ ሰከንድ ካልሞላው ይተዉታል። ስክሪን ለሚከፍት በተን በቂ ነው፣ ሁለት ተመሳሳይ ስክሪን ተደራርቦ እንዳይከፈት ያደርጋል፣ ሰዓቱን ግን ከሲስተም ክሎክ ኢላፕስድ ሪልታይም ውሰጂ፣ የስልኩ የቀን ሰዓት ሰው ሊቀይረው ይችላል። ገንዘብ ላለበት በተን ግን ግማሽ ሰከንድ ምንም አይደለም፣ ኔትወርኩ አስር ሰከንድ ሊፈጅ ይችላልና። ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ሁለት ጣት ነው፣ ሁለት የተለያዩ በተኖች ባንዴ ሊነኩ ይችላሉ፣ ያኔ እያንዳንዱ ራሱን ብቻ ቢያጠፋ ሌላውን አያግደውም፣ የያዛቸው ሌይአውት ላይ ስፕሊት ሞሽን ኢቨንትስን ፎልስ ማረግ ይረዳል።

ሊስነርሽ የሚሮጠው ዋናው ትሬድ ላይ ነው፣ ስክሪኑን የሚስለውም ንክኪ የሚቀበለውም እሱው ነው። ስለዚህ ሊስነሩ ውስጥ ከባድ ሥራ ከጀመርሽ ስክሪኑ ይደርቃል፣ በዛ መሃል ሰውዬው እንደገና ነክቶ 5 ሰከንድ ድረስ መልስ ካጣ ሲስተሙ አፑ እየመለሰ አይደለም የሚለውን መልዕክት ያወጣል። ኔትወርክ ከሆነማ ከአንድሮይድ 3.0 ጀምሮ እዛ ላይ መጥራት ራሱ ኤክሴፕሽን ነው። ጃቫ ላይ ኤክሲኪዩተር ሰርቪስ ተጠቀሚ፣ ኮትሊን ላይ ኮሩቲን፣ ኤሲንክ ታስክ የሚል ትምህርት ካገኘሽ አንድሮይድ 11 ላይ ዲፕሪኬት ሆኗል፣ አትጀምሪው።

ስለ ኦንታች ሊስነር (እያንዳንዱን የጣት ንክኪ ስለሚቀበለው) እመለሳለሁ ብዬ በልቤ ይዤው ነበር። በተን ሲነካ ቀለሙ እንዲቀየር ብለው ኦንታች ይይዙና ሥራውንም እዛው አክሽን አፕ ላይ ይጽፉታል። ማየት የተሳነው ሰው ቶክባክ (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው) ሲጠቀም በተኑን የሚጫነው በጣት ንክኪ ኢቨንት አይደለም፣ ቶክባክ በቀጥታ ፐርፎርም ክሊክን ነው የሚያስጠራው፣ ያንቺ ኦንታች አይሰማውም፣ ለዛ ሰው በተንሽ የሞተ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ እዛ መስመር ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ለዚህ ነው፣ ሰፕረስ ብለሽ አትዝጊው። ቀለሙን በሴሌክተር ድሮዌብል ሥሪው፣ ሥራውን ክሊክ ላይ ተይው። መጠኑም ቢያንስ 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ይሁን፣ አይፎን ላይ 44 ፖይንት ነው የሚመከረው፣ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ትንሽ በተን ላይ ስንት ጊዜ እንደሚስት አጠገቡ ተቀምጠሽ ብታዪ አትጨክኚበትም።

እንግዲህ ያንቺ ኮድ። ኤክስኤምኤሉ ላይ ያለውን ኦንክሊክ አትሪቢዩት ሰርዢው፣ አይዲ ስጪው። ቪው ባይንዲንግን ሞጁሉ ግሬድል ፋይል ላይ አብሪ። ፍራግመንቱ ላይ ኦን ክሪዬት ቪው ውስጥ ባይንዲንጉን አዘጋጂ፣ ኦን ቪው ክሪዬትድ ውስጥ በተኑን ጠርተሽ ሊስነር ስጪው፣ ሊስነሩ አንድ መስመር ብቻ ይሁን፣ የራስሽን ሜተድ ይጥራና ያብቃ። ኦን ዲስትሮይ ቪው ላይ ባይንዲንጉን ኑል አርጊው፣ ፍራግመንቱ ከቪው በላይ ስለሚቆይ ካልለቀቅሽው ሜሞሪ ይይዛል። ከዛ አፑን አስነሺና በተኑን አንዴ ንኪው፣ ስልኩን አዙረሽ ንኪው፣ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ንኪው፣ ኢንተርኔት አጥፍተሽ ንኪው። ከነዚህ በአንዱ ከዘጋ ሎግካቱን ፋታል ኤክሴፕሽን ከሚለው መስመር ጀምሮ እስከ ታች ኮዝድ ባይ ድረስ ሳትቆርጪ ለጥፊልኝ፣ ከኦን ቪው ክሪዬትድሽ ጋር አብረሽ፣ አየዋለሁ።